ከፋቡላ እስከ ጄኔቭ፦ የታፈነ ሂስ መጨረሻው የማን መሣሪያ ነው?

በድርሰት ግምገማና በቴአትር ምርጫ ስብሰባዎች ላይ ዘወትር የሚደመጥ አንድ ክርክር አለ። «ጉድለታችንን እኛው እናውቀዋለን፤ በመድረክ አውጥቶ ማሳየት ግን ለጠላት መሣሪያ ማቀበል ነው። ዛሬ ጊዜው አይደለም፤ ነገ ሲረጋጋ ይነገራል» ይላል። አባባሉ የአገር ፍቅር ካባ ስለ ደረበ ደፍሮ የሚቃወመው አይገኝም። ቢገኝም «ንቃት የጎደለው» ወይም «የአፍራሾች አፈ ቀላጤ» የሚል ስም ይለጠፍበታል። ስለዚህ ድርሰቱ ታጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ተዋናዩ ወደ ውዳሴ ዘፈኑ ይመለሳል፤ ገምጋሚውም አገርን ከአደጋ ያዳነ መስሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ክርክር መሞገት ነው። የሚያቀርበው ማስረጃም ከዚሁ ከደጋው ሸዋ፣ ከሰያ ደብር የተነሡ የአንድ ሰው ሕይወት ነው። እኒህ ሰው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በአንድ ዕድሜ የመድረክ ደራሲ፣ አገር ገዥ፣ የሕግ አርቃቂና ዲፕሎማት ሆነው ኖረዋል። በአገራቸው መድረክ ላይ ሂስ አቅርበው የታገዱትም፣ አገራቸው በዓለም መድረክ በተከሰሰችበት ጊዜ መልስ እንዲሰጡ የተላኩትም እኒሁ አንድ ሰው ናቸው። እነዚህን ሁለት ክንዋኔዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የተመለከተ፣ «ሂስ ለጠላት መሣሪያ ያቀብላል» የሚለው ክርክር ምን ያህል ባዶ እንደ ሆነ ይረዳል።

በየትምህርት ቤቱ የስነ ጽሑፍ ትምህርት ተክለ ሐዋርያት የሚታወቁት በአንዲት ዐረፍተ ነገር ነው፦ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ቴአትር ደራሲ። ተማሪው የሰውየውን ስምና የቴአትሩን ርእስ ሸምድዶ ለፈተና ይቀርባል፤ ከፈተናው በኋላ ሁለቱንም ይረሳቸዋል። በታሪክ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ሌላ ተክለ ሐዋርያት ብቅ ይላሉ፤ እኒህኛው የ1923ቱ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ናቸው። ስለ ጣልያን ወረራ ሲነገር ሦስተኛ ተክለ ሐዋርያት በዓለም መንግሥታት ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ለአንድ አፍታ ታይተው ያልፋሉ። አንድ ሰው በሦስት ተቆርጦ፣ ቁራጮቹም በሦስት መምህራን ተከፋፍለው ሲቀርቡ ሕይወቱ የሚያስተላልፈው ትምህርት አብሮ ይቆረጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ሰውየውን ወደ ሙሉነታቸው መመለስ ያስፈልጋል።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ተወስደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። የዐድዋ ዘመቻ በታወጀ ጊዜ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ልጅ ሲሆኑ የራስ መኰንንን ጦር ተከትለው ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ሊዮንቲየፍ ከተባለው ሩሲያዊ ጋር ባሕር ተሻግረው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ መኰንንነት ትምህርት ተማሩ። በሩሲያ ከአሥር ዓመት በላይ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1905 የዛሩ ወታደሮች አቤቱታ ይዞ በወጣው ሠራተኛ ላይ ሲተኩሱና አብዮቱ ሲቀጣጠል እርሳቸው በዚያው አገር ነበሩ። ኋላም በአውሮፓ የእርሻን ሙያ ተከታትለው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በእጃቸው የመድፍ፣ የማረሻና የብዕር ሙያ ይዘው የተመለሱ ሰው ነበሩ ለማለት ይቻላል።

የተመለሱባት ኢትዮጵያ የዐድዋ ድል ባለቤት ነበረች። ነገር ግን ድሉ ገባሩን ከጭሰኝነት፣ ባሪያውን ከባርነት፣ ፍርድ ፈላጊውንም ከጉቦ አላወጣውም ነበር። መኳንንቱ የዐድዋን ክብር የራሳቸው ጥሪት አድርገው ሲወስዱት ለሠራዊቱ ስንቅ የተሸከመው ሰፊው ሕዝብ ግን ከነቀንበሩ ቀረ። ተክለ ሐዋርያት በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ባወረደው እንቅስቃሴ ውስጥ ተሳታፊ ሆኑ። የዙፋኑ ባለቤት ተለወጠ፤ የአገዛዙ ጠባይ ግን አልተለወጠም። ይህን ከውስጥ ሆነው የተመለከቱት ሰው በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘውን ቴአትር ደርሰው ለመድረክ አበቁ።

«ፋቡላ» በፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች ላይ የተመሠረተ፣ እንስሳትን እያናገረ የዘመኑን የአስተዳደር ብልሹነትና ኋላ ቀርነት የሚነቅፍ ቴአትር ነበር። ዘዴው ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን በምድጃ ዳር አንበሳውንና ጦጣውን፣ ጅቡንና አህያይቱን እያናገሩ ስለ ግፈኛ ዳኛና ስለ ሆዳም ሹም ሲያስተምሩ ኖረዋል። አዲሱ ነገር የምድጃ ዳሩ ተረት መድረክ ላይ መውጣቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተመልካቾቹ ራሳቸው የተረቱ ባለቤቶች መሆናቸው ነበር። በአዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት መኳንንትና ሹማምንት ናቸው። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ እነርሱ ነው። ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ለመታየት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

ውጤቱ ይታወቃል፤ ቴአትሩ በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ታገደ። ከአንድ ድርሰት መታገድ የባሰው ጉዳት ግን ቴአትር የተባለው ጥበብ ገና በእግሩ ሳይቆም መሰናከሉ ነው። መድረኩ ከአዲሱ ንጉሥ ዘመን በፊት እንደገና ሊነቃ አልቻለም። ሲነቃም በአብዛኛው በትምህርት ቤቶች ግቢ፣ በግብረ ገብ ትምህርትና በውዳሴ ተወስኖ ነበር። የቴአትራችን ታሪክ የተጀመረው በሂስ ነው፤ የተቀጠረውም በመጀመሪያው እርምጃው ላይ ነው። እስከ ዛሬ ከመድረካችን ላይ የሚታየው የፍርሃት ጠባይ ከዚያ ቅጣት ጋር ዝምድና የለውም ማለት ያስቸግራል።

የዛሩ ሩሲያ የነፃነት አገር እንዳልነበረች የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ጎጎል የክፍለ አገር ሹማምንትን ጉቦኝነትና ፍርሃት የዘለፈበት «ሪቪዞር» የተባለ ኮሜዲ እ.ኤ.አ. በ1836 በዛሩ በቀዳማዊ ኒኮላ ፈቃድ ለመድረክ በቅቷል። ንጉሡም ቀርበው ተመልክተውታል። ላ ፎንቴንም አንበሳውን ንጉሥ፣ ቀበሮውን አሞጋሽ እያደረገ የጻፈው በፍጹም ንጉሣዊው በሉዊ 14ኛ ዘመን ነበር። እነዚህ ነገሥታት ደጎች ስለ ነበሩ አይደለም። በመድረክ ላይ የተነገረ ነቀፌታ ዙፋናቸውን እንደማይገለብጥ ስላመኑ ነው። የእኛ መኳንንት ግን ዐድዋ ላይ መድፍ ሳይፈሩ አዳራሽ ውስጥ አህያ ስትናገር ፈሩ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አሮጌ አባባል በ«ፋቡላ» መታገድ የመድረክ ሕግ ሆነ።

ተክለ ሐዋርያት ከዚህ በኋላ አኩርፈው አልተቀመጡም። ቀደም ሲል የጅጅጋ ገዥ ሳሉ ከተማይቱ በፕላን እንድትመሠረት አድርገው ነበር። በ1910ሮቹም የጨርጨር ገዥ ሆነው ግዛቱን የአስተዳደር አርአያ ለማድረግ ደከሙ። በመድረክ የተከለከሉትን በሥራ ለማሳየት የሞከሩ ይመስላል። በመጨረሻም በበጅሮንድነት የገንዘብን ሚኒስቴር ሲመሩ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት እንዲያረቅቁ ታዘዙ። ለአብነት የወሰዱትም የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር።

ስለ ጃፓን አንድ ነገር መጨመር ለአካባቢያችን አንባቢ ጠቃሚ ነው። ሕገ መንግሥቱ በታወጀበት ዓመት ዋዜማና ማግሥት ከሰሜን ሸዋ የወጡ የብዕር ሰዎች ዐይን በጃፓን ላይ ነበር። የመርሐ ቤቴው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በመልእክተኛነት ሄደው ስለ ጉዟቸው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። ከመንዝ የተወለዱት ከበደ ሚካኤልም ከጦርነቱ በኋላ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን አሳተሙ። ሦስቱም የመንግሥት ሰዎች፣ ሦስቱም ደራሲዎች ናቸው። የሦስቱም ጥያቄ አንድ ነበር፤ ነጭ ያልሆነ፣ ንጉሥ ያለው፣ የቆየ ባህል ያለው አገር ነፃነቱን ሳያጣ እንዴት ይሠለጥናል? ጥያቄው ትክክለኛና ተራማጅ ነበር። ከጃፓን የተወሰደው መልስ ግን ከጥያቄው ያነሰ ሆነ።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት በ7 ምዕራፎች የተከፈሉ 55 አንቀጾች ነበሩት። በታወጀበት ዕለት ተክለ ሐዋርያት ራሳቸው ለተሰበሰቡት መኳንንት ስለ ሰነዱ ትርጓሜ ንግግር አደረጉ። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ተመረጡ፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ በመኳንንቱና በአገር ሹማምንት እንዲመረጡ ተደነገገ። «እስኪችል ድረስ» የተባለው ቀጠሮ እስከ 1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ተራዘመ። ሥልጣኑ ከየመሳፍንቱ እጅ ወጥቶ በአንድ ዙፋን ተጠቃለለ እንጂ ወደ ሕዝብ አልወረደም። በ«ፋቡላ» አውሬዎቹን ያናገሩት ሰው በሕገ መንግሥቱ ሰዎቹን ዝም አሰኙ ቢባል ግነት አይሆንም።

ይህን የምናነሣው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም፤ ተክለ ሐዋርያትን ቅዱስ አድርጎ ማቅረብ እነርሱ የታገሉትን የውዳሴ ልማድ በእነርሱው ስም መቀጠል ስለሚሆን ነው። ከሥርዓቱ ውስጥ ሆነው ሥርዓቱን ለማሻሻል የሞከሩ ምሁር ነበሩ፤ የሥርዓቱም ወሰን የእርሳቸው ወሰን ሆነ። ተቃርኖው በእርሳቸው ልብ ውስጥ ብቻ የነበረም አይደለም። መድረክ የሌለው ሂስ ቤተ መንግሥት ውስጥ ገብቶ በጆሮ የሚነገር ምክር ይሆናል። በጆሮ የሚነገር ምክር ደግሞ ሰሚው ሲፈልግ ይቀበለዋል፤ ሳይፈልግም ይጥለዋል። «ፋቡላ» በአደባባይ ቢፈቀድ ኖሮ የሕገ መንግሥቱ አርቃቂ ከኋላቸው አንድ ሂስ የለመደ ተመልካች ይኖራቸው ነበር። ያ አልሆነምና ብቻቸውን ጻፉ፤ ብቻውን የተጻፈውም ለብቸኛው ባለ ሥልጣን ተመቸ።

ከዚህ በኋላ ተክለ ሐዋርያት በፓሪስ የኢትዮጵያ ሚኒስትርና በጄኔቭ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ልዑክ ሆነው ተላኩ። ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል የሆነችው በመስከረም 1916 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታለች፤ በዚያው ዓመት መጋቢትም ስለ ባሮች ነፃነት አዋጅ አውጥታለች። አዋጁ ግን ቀስ በቀስ የሚፈጸም፣ በብዙ ቦታም የማይፈጸም ሆኖ ቆየ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ተነሣ። ከወራት በኋላ፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ የፋሺስት ጣልያን ልዑክ ባሮን አሎይዚ በጄኔቭ ጉባኤ ፊት አንድ ትልቅ የክስ መዝገብ አቀረበ። የመዝገቡ ፍሬ ነገር ኢትዮጵያ ባሪያ የምትነግድ፣ ሕግ የሌላት፣ ግዛቷን ማስተዳደር የማትችል አረመኔ አገር ናትና ከሠለጠኑ መንግሥታት እኩል ልትቀመጥ አይገባትም የሚል ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንጠይቃለን። ይህን የክስ መዝገብ መልስ እንዲሰጡበት በአዳራሹ የተቀመጡት ሰው ማን ነበሩ? ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የአገራቸውን አስተዳደር ብልሹነት በአውሬዎች አንደበት ለአገራቸው ሰዎች ለመንገር ሞክረው የታገዱት ደራሲ ናቸው። ወዳጅ ሊያርመው ፈልጎ የተናገረው ቃል በአዲስ አበባ ተከለከለ፤ ጠላት ሊወርር ፈልጎ የተናገረው ቃል በጄኔቭ ተነበበ። የመጀመሪያው ቢሰማ ኖሮ ለሁለተኛው መልስ ለመስጠት የሚቆሙት ልዑክ በእጃቸው የተሠራ ሥራ ይዘው በቀረቡ ነበር። ባዶ እጃቸውን ግን አልቀረቡም። ከሕግ አማካሪያቸው ከፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዤዝ ጋር ሆነው የፋሺስቱን ክስ በሕግና በምክንያት ተከራከሩ። ዤዝ ሲናገር ባሮን አሎይዚ አዳራሹን ጥሎ ወጣ።

ወደ መጀመሪያው ክርክር እንመለስ። «ሂስ ለጠላት መሣሪያ ያቀብላል» ይባላል። ታዲያ የጣልያን የክስ መዝገብ ምንጩ «ፋቡላ» ነበርን? «ፋቡላ» ከታገደ ዓመታት አልፈውታል፤ በመዝገቡም ውስጥ ቦታ የለውም። ጠላት የለቀመው ከመንገደኞች ጽሑፍ፣ ከቆንስላዎች ዘገባና በዐይን ከሚታየው ኑሮ ነው። ባሪያው በገበያ ሲታይ፣ ባለ ጉዳዩ በዳኛ ደጅ ሲንከራተት፣ ይህን ለማወቅ ጠላት የቴአትር ቲኬት መቁረጥ አያስፈልገውም። «ፋቡላ»ን በማገድ የተሸሸገው ጉድለቱ አልነበረም፤ ጉድለቱን የሚያርመው ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ቃል በጄኔቭ በሚያሳዝን መንገድ ተፈጸመ።

ተቃዋሚዎች እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መልስ አላቸው። «ኢትዮጵያ ፍጹም የሠለጠነች ብትሆንም ሙሶሊኒ ከመውረር አይመለስም ነበር» ይላሉ። እውነት ነው። የፋሺስቱ ዓላማ ቅኝ ግዛትና የዐድዋ ቂም እንጂ የባሮች ነፃነት አልነበረም። በዚያው ዘመን በሊብያ የቂሬናይካን ሕዝብ በሽቦ ካጠረው ማጎሪያ ውስጥ ያስገባ መንግሥት ስለ ሰብአዊነት ለመናገር አፍ አልነበረውም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ ጣልያንን ወራሪ ብሎ ፈረደ፤ ከቅጣቱ ውስጥ ግን ነዳጅ ዘይትን አስቀረ፤ የሱዌዝን ቦይም ሳይዘጋ ተወው። ይህን ያደረጉት ኃያላን ስለ ባርነት ተጨንቀው አይደለም፤ ስለ ጥቅማቸው ነው።

ሆኖም ክርክሩ ወረራው ይቀር ነበር ወይስ አይቀርም ነበር በሚል አይቋጭም። ጥያቄው ወራሪው በመጣ ጊዜ ሕዝቡ የሚከላከለው አገር የማን ነበር የሚለው ነው። ምድሩ የጌታው፣ ፍርዱ የባለ ገንዘቡ፣ ቃሉ የሹሙ በሆነበት አገር ገባሩ ጋሻውን ያነሣው ለሥርዓቱ ሳይሆን ለነፃነቱና ለሃይማኖቱ ነው። ሥርዓቱ ከማይጨው በኋላ ሲፈርስ ሕዝቡ ግን አልፈረሰም። ይህን ለደብረ ብርሃን ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። የከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስሙ የሚጠራለት ኃይለ ማርያም ማሞ በዚሁ ደጋና ቆላ ሲዋጋ ከኋላው ቤተ መንግሥት አልነበረውም፤ ገበሬ ነበረው እንጂ። በመከራ ቀን አገርን የሚያድነው ይህ ሕዝብ ከሆነ፣ በደኅና ቀን ስለ አገሩ እውነቱን የመስማትና የመናገር መብት የሚነፈገው በምን ሕግ ነው?

ሁለተኛው የተቃዋሚዎች መከራከሪያ የጊዜ ጉዳይ ነው። «በአደጋ ጊዜ አንድነት እንጂ ሂስ አያሻም» ይላሉ። ታሪክ ግን ለሂስ የተመቸ ጊዜ አሳይቶን አያውቅም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ዙፋኑ ገና አልጸናምና ሂስ አደጋ ነው ተባለ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መንግሥቱ ጸንቷልና ሂስ ድፍረት ነው ተባለ፤ የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» የታገደው በዚያ ነው። በደርግ ዘመን አብዮቱ ተከብቧልና ሂስ ክህደት ነው ተባለ። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። በዓሉም የመንግሥት ሰው ነበር፤ የጻፈውም ከውስጥ ሆኖ ያየውን ነው። ሥርዓቶቹ እርስ በርሳቸው ጠላቶች ነበሩ፤ በአንድ ነገር ግን ተስማሙ። ሦስቱም «ነገ ይነገራል» አሉ፤ ሦስቱም የቀጠሩትን ነገ ሳያዩ አለፉ። «ምከረው ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የተባለው ለግለሰብ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው መከራከሪያ ሥነ ሥርዓትን የሚጠቅስ ነው። «የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ደራሲ በውስጥ ይናገር፤ በአደባባይ ግን የተቋሙን ድምፅ ያሰማ» ይባላል። ለዚህ መልሱን ከሌላው ዓለም የመንግሥት ሰዎች ሕይወት ማግኘት ይቻላል። የሜክሲኮው ባለ ቅኔ ኦክታቪዮ ፓዝ በሕንድ የአገሩ አምባሳደር ሳለ እ.ኤ.አ. በ1968 መንግሥቱ በተማሪዎች ላይ በመተኮሱ ሥልጣኑን ለቀቀ። ሕንዳዊው ሶሻሊስት ናራያን ጎሬ በማራቲ ቋንቋ የጻፉ ደራሲ ናቸው፤ ስለ ጎዋ ነፃነት ሲታገሉ በፖርቱጋሎች ታስረዋል፤ ኋላም በለንደን የአገራቸው መልእክተኛ ሆነዋል። ሕንድ ከእስር ቤት የወጣን ብዕር ወደ ኤምባሲ ስትልክ ክብሯ አልተቀነሰም። መልእክተኛ የሚታመነው ሁልጊዜ «አዎን» በማለቱ ሳይሆን፣ «አይደለም» ለማለት የሚችል ሰው «አዎን» በማለቱ ነው። ተክለ ሐዋርያት በጄኔቭ የነበራቸው የሞራል ብቃት የመጣው በቤታቸው ስለ ቤታቸው እውነቱን ለመናገር የደፈሩ በመሆናቸው ነው።

የእርሳቸው መጨረሻም የዚህ ክርክር አካል ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው ሲወጡ ተክለ ሐዋርያት በውሳኔው አልተስማሙም። የስደት መንገዳቸው ከቤተ መንግሥቱ የተለየ ሆነ፤ በማዳጋስካር ደሴት ለብዙ ዓመታት ተቀመጡ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ ተመልሰውም ወደ ቤተ መንግሥት ሥራ አልገቡም፤ በሒርና በእርሻቸው ላይ ኖረው በ1969 ዓ.ም. አረፉ። ሕገ መንግሥት ያረቀቁ እጆች ወደ ማረሻ ተመለሱ። ስለ ሕይወታቸው የጻፉት «ኦቶባዮግራፊ» በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው ካረፉ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የመድረክ ቃላቸው በሕይወት ሳሉ ታገደ፤ የመጽሐፍ ቃላቸው የወጣው ከሞታቸው በኋላ ነው። በሁለቱም ጊዜ የተጎዳው ቃሉ በጊዜው ያልደረሰው ትውልድ ነው።

ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም የአባታቸውን ሁለት ሙያ ወርሰው ዲፕሎማትና ደራሲ ሆኑ። በ1941 ዓ.ም. የወጣው «አርአያ» የተባለው ልብ ወለዳቸው በፈረንሳይ ተምሮ ወደ አገሩ ስለ ተመለሰ ወጣት ይተርካል። የተማረ ሰው ተመልሶ ምን ይጠብቀዋል የሚለው ጥያቄ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመድረክ ወደ ልብ ወለድ ተሸጋገረ ማለት ነው። ጥያቄው ዛሬም በየኮሌጁና በየዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሟል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለመምህራን የምንለው፣ ተክለ ሐዋርያትን በአንድ ዐረፍተ ነገር አትቅበሯቸው ነው። የስነ ጽሑፍ መምህሩና የታሪክ መምህሩ አንድ ላይ ተቀምጠው «ፋቡላ»ን፣ ሕገ መንግሥቱንና ጄኔቭን በአንድ ትምህርት ያቅርቡ። ተማሪው የዘመን ቁጥር ከመሸምደድ አልፎ «መድረኩ ባይዘጋ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?» ብሎ ይከራከር። ከሰያ ደብር፣ ከመርሐ ቤቴና ከመንዝ ለመጣ ልጅ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም፤ የአያቶቹ አገር ልጆች ታሪክ ነው።

ለኪነት ሰዎች የምንለው፣ ዕገዳን ከመፍራት የባሰው ዕገዳ ሳይመጣ ራስን ማገድ ነው። ተክለ ሐዋርያት ድርሰታቸው በሌላ ሰው ታገደ እንጂ ሳይጽፉት አልቀሩም። በበዓል ሁሉ አንድ ዓይነት ሽለላና አንድ ዓይነት ውዳሴ ይዞ የሚወጣ ቡድን ባህልን አይጠብቅም፤ ያደርቀዋል። የአገራችን ተረት አውሬዎች ከመቶ ዓመት በፊት ከምድጃ ዳር ወደ መድረክ ወጥተዋል፤ ዛሬም ስለ ደጅ ጥናት፣ ስለ መሬት ጉቦና ስለ ሐሰት ዘገባ የሚሉት ብዙ ነገር አላቸው።

ለካድሬዎችና ለገምጋሚዎች የምንለው ደግሞ ይህ ነው። አንድ ድርሰት በፊታችሁ ሲቀርብ «ማን ይደሰታል? ማን ይቆጣል?» ብላችሁ አትጀምሩ። «እውነት ነው ወይ?» በሉ። ሐሰት ከሆነ ሐሰትነቱን በአደባባይ አስረዱ፤ ጥበቡ የደከመ ከሆነ እንዲበረታ ምከሩ። እውነት ሆኖ ስለሚያስቆጣ ብቻ ካጠፋችሁት ግን፣ ያው እውነት ነገ በሌላ አዳራሽ፣ በሌላ አንደበት፣ ለሌላ ዓላማ ይነበባል። ያን ጊዜ መልስ እንዲሰጥ የሚላከው ምናልባት ዛሬ ዝም ያሰኛችሁት ሰው ይሆናል።

ለጠብመንጃ ጀግኖቻችን ትምህርት ቤት ሰይመናል፤ ተገቢም ነው። ለቃል ጀግኖች የሚገባው ክብር ግን ስማቸውን በግድግዳ ላይ በመጻፍ አይፈጸምም። የሚፈጸመው እነርሱ የጀመሩትን እኛ ስንቀጥል፣ መድረኩም የአገር ልጅ ስለ አገሩ እውነቱን የሚናገርበት ቦታ ሆኖ ሲቆይ ነው።